ጋሽ ውኃልክና አዲሱ የመድኃኒት አዋጅ

የዓይን ጠብታ ልገዛ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ጎራ ባልሁበት ጠዋት፣ ከአንድ የድሮ ወዳጄ ጋር ተገጣጠምሁ። ግንበኛ ነው። የሠራው ግድግዳ ዝንፍ ስለማይል «ጋሽ ውኃልክ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁበትን ትምህርት ቤት ያቆመው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሰም። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወዲያ ማዶ በቆመችው ወጣት ፋርማሲስት ላይ ዓይኑን አፍጥጧል።

«የለመድኩትን መድኃኒት ነው የጠየቅኩሽ፤ ሌላ ምን አልኩሽ?» አላት።

«ገብቶኛል አባባ። ይህን ጠንካራ ማስታገሻ ግን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳልሰጥ አዋጁ ይከለክለኛል። ፈቃድዎ ከሆነ ውስጥ ገብተን ረጋ ብለን እንነጋገር።»

«መምህር፣ ሰማህ? ጉልበቴን የሰበረው ድንጋይ፤ ኪኒኔን የሚቆጥረው መንግሥት!» አለና ክንዴን ያዘ። «አንተም ግባ። ካንተ የምደብቀው የለኝም።»

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፣ በሯ ሲዘጋ የውጪው ጫጫታ የማይሰማባት። ጋሽ ውኃልክ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ይህ አዋጅ የወጣው መንገድ ዳር ለሚንጋለሉት ነው። እኔ ሱሰኛ ነኝ? ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው ነኝ!»

«ሱሰኛ ነዎት አላልኩም፣ አባባ። ግን ጉልበትዎ አሁንም ያምዎታል?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ወዳጄ ግን ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ጉልበቴማ ከተሻለው ቆየ» አለ በመጨረሻ።

«ኪኒኑን ሲያቆሙስ ምን ይሰማዎታል?»

«ያልበኛል። አፍንጫዬ እንደ ሕፃን ይዝረበረባል። አጥንቴ ፍልጥ ፍልጥ ይላል። ስውጠው ልክ እሆናለሁ።»

«መጀመሪያ በቀን ስንት ይውጡ ነበር?»

«አንድ።»

«አሁንስ?»

ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። «አምስትም፣ ስድስትም። አንዱ መድኃኒት ቤት ሲከለክለኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።»

እኔ ብሆን ኖሮ «ይኸው አላልኩህም?» ባልሁት፤ የአስተማሪ አመል አይለቅም። እሷ ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይህ የምግባር ብልሽት አይደለም፣ አባባ። መድኃኒቱ ነው ሰውነትን እንዲህ የሚያለማምደው። ስለዚህ ሕክምና አለው።»

«ሕክምና አለው ትይኛለሽ፣ በሩን ግን ጠረቀማችሁብኝ! ልሙት? ደግሞ ስሜ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ፖሊስ ቤቴ ሊመጣ ነው?»

እውነት ለመናገር፣ በዚህስ እኔም ከእሱ ጋር ነበርሁ። መከልከል ብቻውን ማንንም አያድንም።

«የአዋጁን ግማሽ ብቻ ነው የሰሙት» አለችው። «ለአዲስ ሕመም ከሰባት ቀን በላይ እንዳይታዘዝ፣ መድኃኒት ቤቶችም አንድ የጋራ መዝገብ እንዲያዩ ይላል፤ እሱ ልክ ነው። ግን ደግሞ የለመደው ሰው በአንዴ እንዳይቋረጥበት ያዛል። ጤና ጣቢያው ዛሬውኑ ሊያይዎት ግዴታ አለበት፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል፣ ካስፈለገም አምሮቱን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይሰጥዎታል። ለመታከም የመጣን ሰው ፖሊስ አይከሰውም፣ አሠሪም አያባርረውም።»

«ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል።»

ልጅቱ የደም ግፊት መለኪያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። «ታላቅ ወንድሜ በወገብ ሕመም ነበር የጀመረው። ያኔ አዋጁ አልነበረም። እንዳይታሰርብን ፈርተን ቤት ደበቅነው። አንድ ቀን ትንፋሹ ቆመ፤ ምን እንደምናደርግ የሚያውቅ አልነበረም።»

ጋሽ ውኃልክ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ባለፈው ሳምንት» አለ፣ «መወጣጫው ላይ እንደቆምኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ከእጄ ያመለጠው ድንጋይ ከታች የቆመውን ባልደረባዬን ለጥቂት ሳተው። ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎኛል።» ከዚያ ተነሣ። «ጤና ጣቢያው የት ነው ያልሽኝ?»

አብሬው ሄድሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ከሚስቱ ጋር ተጣላ፣ ከእኔም ጋር ተኳረፈ፣ አንዴ ወደ ቀጠሮው አልሄድም ብሎ አስቸገረ። የጤና ጣቢያው ነርስ ደውላ አስመጣችው። ለሚስቱም ኪኒኑ በዝቶበት ትንፋሽ ቢያጥረው አፍንጫው ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ሰጥታ አጠቃቀሙን አስተማረቻት፤ ደግነቱ አላስፈለገም። አሠሪው ለጊዜው መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ሰጠው። በስድስተኛው ወር ሚስቱን «እንዴት ነው?» ብላት፣ «ማጉረምረም ጀምሯል፤ ድኗል ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

እነሆ፣ ይህን አዋጅ ያወጡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሐኪሙ ሳይመረምር እንዳያዝዝ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሳያይ እንዳይሸጥ፣ ታማሚው በሐፍረት እንዳይደበቅ፣ ቤተሰቡም በጭንቅ ሰዓት ባዶ እጁን እንዳይቆም አድርገዋል። የሚከለክል ሕግ ብዙ አይቻለሁ፤ ከልክሎ የሚያክም ግን ገና ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

በቅርቡ አንድ አናጢ ስለ ሰባት ቀኑ ገደብ ሲያማርር ጋሽ ውኃልክ ሰማው። «በስምንተኛው ቀን ካመመህ ሐኪሙ ጋ ተመለስ፤ ከጎረቤት ኪኒን አትለምን። እኔ ለምኜ አይቼዋለሁ» አለው። ሰውየው አቀርቅሮ «እኔም እኮ ከለመድኩት ቆየሁ» ሲለው፣ ጋሽ ውኃልክ አልተቆጣውም፤ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

«ቁርስ በልተሃል? የጤና ጣቢያው ወረፋ ትንሽ ይረዝማል። ና፣ አብሬህ እቆማለሁ።»