በሰው ሻንጣ የተቀበልሁት ምርቃት

ቅናት የለብኝም ስል የሰማችሁኝ ካላችሁ፣ ውሸቴን ነው። የአክስቴ ልጅ ብርቱካን ከአዲስ አበባ እኔ እስከምኖርባት ከተማ፣ እስከ አርብ ገበያ ድረስ የመጣችው፣ ኪሊማንጃሮን ልትወጣ ስለሆነ በሶ እንዳዘጋጅላት ነው። ልጆች ሳለን ስለዚያው ተራራ ከተቀዳደደ መጽሐፍ አንብቤ ስነግራት፣ “የማታዪውን ምን አስነበበሽ?” ትለኝ የነበረችው እሷው ናት! አሁን አልጋዬ ላይ ሁለት ምርኩዝ፣ ሦስት ዓይነት ጫማ ዘርግታ በጀርባ በሚታዘል ሻንጣ ትሸክፋለች።

“ይኼ ሁሉ ለአንድ ተራራ? እኔ በላስቲክ ጫማ ገብስ አዝዬ ነው ገበያ የምወጣው” አልኋት።

“ያማ ዳገት ነው፣ እታለም” አለችኝ።

ሻንጣውን ለመልመድ ብለን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ጀመርን። እኩሌታው ላይ ትንፋሿ ቢያጥር ተቀብዬ እኔ አዘልሁት። አናቱ ላይ የነፍስ አባታችን ተቀምጠዋል። ከቤተሰባችን አንዷ ሰው አገር ተራራ ልትወጣ መሆኑን ሰምተው ኖሮ፣ ሻንጣውን ጀርባዬ ላይ ሲያዩ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

“እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ። ካሰብሽው ጫፍ ያድርስሽ። በሰላም ይመልስሽ።”

“ተጓዧ እሷ ናት” ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ሦስት ጊዜ አሜን አልሁ።

አባ እንደሄዱ፣ ምርቃቱን ከኋላዬ ሆና የሰማችው ብርቱካን እንባዋ መጣ። “ምርቃቴን እኮ ወሰድሽብኝ! መልሽልኝ።”

ሻንጣዋን አውርጄ መለስሁላት። አሜን ያልሁትን ግን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?