ፈንጣጣና መዝገብ በየካ ሸለቆ

ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን ነው። ደጅ ስጠና ሰንብቼ፣ እንደ ልማዴ ባዶ እጄን ወደ የካ ስወርድ፣ ከቀበና ወንዝ በላይ ጥድ ሥር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። እኔ መዝሙረ ዳዊት ደግሜ ጸሐፊ ቤት ልግባ ባልሁ ጊዜ፣ "ጣትህ የሞፈር እንጂ የብዕር አይደለም" ብለው የመለሱኝ ሰው ነኝ። ደጅ ጠኚ ደግሞ ሥራ ባይኖረው ጆሮ አለው፤ ቆሜ ሰማሁ።

ሽማግሌው የየካ ጭቃ ሹም ወልደ ሐዋርያት ናቸው። ወጣቱ ሠረቀብርሃን ይባላል፤ አንኮበር የተማረ፣ ለመዝገብ ሥራ የተላከ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊ ስል ምላሴን ይመረኛል፤ ይህ ግን ሰላምታ ሰጥቶ ቁጭ በል አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የየካ ባላገር ከነቤተ ሰቡ እስከ እሑድ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ቤት መሬቱ ጠፍ ተብሎ ለወታደር ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ወርዷል። በዚያው ሰሞን ፈንጣጣ ገባ። ከወንዙ ማዶ፣ ባሏ የሞተባት ዲንቄ ልጇ ጂቱ ታማባታለች። ጭቃ ሹሙ ግን በማግስቱ አገሩን በሚካኤል ደጅ ሊሰበስቡ፣ ዲንቄንም ከነልጇ ሊያስመጡ ቆርጠዋል።

"ከመጣች አገር ታስጨርሳለች፤ ከቀረች መሬቷን ታጣለች" አለ ሠረቀብርሃን። "አባቴ፣ እባክዎ ያስቡበት።"

"ምን ላድርግልህ፣ ልጄ? ሰው ፊቱ ሳይታይ አይጻፍም። መጥቶ፣ መስቀሉን ጨብጦ፣ ምሎ ነው የሚጻፈው። አባቶቻችንም የተጻፉት እንዲሁ ነው።"

"አንዱን መስቀል አገር ሁሉ እየተቀባበለ ሲጨብጥ ይዋል?"

"እሰይ! መስቀል በሽታ ያስይዛል በለኛ! ወይ የአንኮበር ትምህርት!"

"መስቀልስ ይፈውሳል። የሚያስይዘው የሰው እጅ ነው። አንኮበር ፈንጣጣ የገደለውን ሰው ጋቢ የለበሱ ወንድማማቾች ተከታትለው ሲተኙ አይቻለሁ። በራቸውን ዘግተው የከረሙት ጎረቤቶቻቸው ተረፉ።"

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እንግዲያ መዝገቡን ልተወው? ክረምት ሲገባ የንጉሥ ጎተራ የሚከፈተው ስሙ ለሰፈረ ነው። ያልተጻፈ ሰው ቢጮህ ማን ይሰማዋል?"

እዚህ ላይ እውነት ተናገሩ። እኔን ይጠይቁኝ።

"መዝገቡ ይቅር አላልሁም" አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መዝገብ ለሰው ተሠራ። ሰው ካለቀ ለማን ይነበባል? እስቲ ይንገሩኝ፤ በሬዎ ማዶ ገደል ቢገባ ማን ያስታውቅዎታል?"

"የዲንቄ ጎረቤት በዳዳ ነዋ! ባለፈው ሰኔም ከጉብታው ላይ ሆኖ ተጣራ፤ ደረስሁለት።"

"ፊቱን አይተው ነው ያመኑት?"

"ያን ጉሮሮ ማን ይስታል! ከመቃብር ያስነሳል እኮ።"

"እንግዲያ ያው በዳዳ ከማዶ 'ንጉሥ ይሙት' ብሎ ቢምል፣ ወንዝ ስለተሻገረ መሐላነቱ ይቀራል?"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። "አንተ ነገረ ፈጅ! በዚህስ ረታኸኝ። ሁሉንም በየደጁ እንዳለ ከማዶ እየተጣራን ስንጽፍ እሑድ ቢያልፍብንስ? አንተ ትሄዳለህ፤ ሹመቱ የሚገፈፈው የኔ ነው።"

"የዘገየበትን ምክንያት በራሴ ስም እጽፋለሁ። ቁጣው ከመጣ በእኔ ይሁን።"

ብዙ ጸሐፊ አይቻለሁ፤ ጥፋትን በራሱ ስም የሚጽፍ ግን ያን ዕለት ገና ማየቴ ነው። ሽማግሌውንም ያሳመናቸው ይህ ይመስለኛል። ተነሡ፤ ከገደሉ አፋፍ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ።

ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ፣ ከየጉብታው ስሙን ተናገረ፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ማለ። የዲንቄ ተራ ደረሰ።

"ዲንቄ ነኝ! ወንዱ ልጄ ነገሳ፣ ሴቷ ሎሚ..." ብላ ቆመች።

"ጂቱስ?" አሉ ጭቃ ሹሙ።

"ጂቱ ታማለች፣ ጌታዬ! የታመመ ይጻፋል?"

"በሕይወት አለች?"

"አለች!"

"ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ? ጻፍ፣ ልጄ! ጂቱ፣ የዲንቄ ልጅ፣ አለች በል።"

"ንጉሥ ይሙት፣ አለች!" አለ በዳዳ ከላይ። "በለቅሶዋ እንቅልፍ የነሳችኝ እኔ እያለሁ!" ሸለቆው በሳቅ ተሞላ። ዲንቄ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቤቷ ስትሮጥ አየኋት።

መዝገቡ ከእሑድ አልፎ ደረሰ። ጌቶቹ አጉረመረሙ፤ ተቀበሉም። የሰፈሩ ሴቶች ቆሎና አሻሮ ከወንዙ ድንጋይ ላይ እያስቀመጡ ዞር ይላሉ፤ ዲንቄ ወርዳ ታነሳለች። ፈንጣጣውም ወንዙን ሳይሻገር ሰነበተ። ጂቱ ፊቷ ላይ ጠባሳ ቀረባት እንጂ ዳነች። ለዲንቄ መሬት ያቆበቆበ ወታደርም ስሟ በመዝገብ መስፈሩን ሰምቶ ተመለሰ።

ወልደ ሐዋርያት ዛሬ ለሌላ አገር ሹም ሁሉ፣ "በሽታ ሲገባ በመጀመሪያ ሰውን በየቤቱ አስቀምጥ፤ ከዚያ ብራናህን ይዘህ አንተ ሂድለት" እያሉ ይመክራሉ። እኔም በጸሐፊ ላይ ቂመኛ ብሆንም ምክራቸውን እደግመዋለሁ። አዛዦች ሆይ፣ በቸነፈር ዘመን መዝገብ ቀን ቢያልፍበት ይጻፋል፤ ሰው ካለፈ በኋላ ግን የሚጻፈው ተዝካሩ ብቻ ነው።