ሶፋው የወጣበት ሳሎን

ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት ትልቅ መነጽር የመሰለ ነገር ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት አላስቻላቸውም።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«ቪአር ይባላል፣ ማዘር። ዓይን ላይ ሲደረግ ሌላ ቦታ ያስገባል። እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፤ የፈረሰውን ቤታችንን በዚህ ሠራሁላት። እህቴ ከሐዋሳ፣ እኔ ከዚህ፣ አብረናት እንገባለን።»

«ተባረክ! ደስ አላት?»

«እሪ አለች።»

«ምነው?»

«የሳሎኑ ቪዲዮ የነበረን በአባታችን ለቅሶ ጊዜ የተቀረጸው ብቻ ነው። እሱን አይቼ ነው የሠራሁት። ሶፋው ወጥቶ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ…»

«ውይ! ሶፋውን መልሰህ አታስገባም ነበር?»

«ልብ አላልኩማ። ቤቱን ማስመሰል ብቻ ነበር ያሰብኩት። ገና እንደገባች ‹ማን ሞቶብኝ ነው?› አለች።»

«ምን አላችኋት?»

«ማንም አልሞተም አልናት። እኔን አየች፣ እህቴን አየች፣ ከዚያ ‹አባታችሁስ?› አለች።»

«አይዞህ፣ ትረሳዋለች።»

«የእኔን ስም ረስታለች። ያን ቀን የለበሰችውን ጥቁር ግን እስከ ዛሬ አላወልቅም ብላለች።»

መውረጃዬ ሳሊተ ምሕረት ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።