«ይሰማ ነበር?»

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነው። በሬዲዮ አንዲት ጋዜጠኛ «በሕይወታችሁ ምን ቢጨመርላችሁ ትወዳላችሁ?» ብላ አድማጮቿን ትጠይቃለች። ተሳፋሪው ጥያቄውን ተቀበላትና ጨዋታው ደራ። አንዱ ዕድሜ አለ፣ አንዷ እንቅልፍ አለች፣ ሾፌሩ «ነዳጅ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አጠገቤ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። እኔም ለጨዋታ ያህል «እርስዎስ እናቴ?» አልኳቸው። ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ «ድፍረት» አሉኝ።

ፈገግ አልኩ፤ የእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። «ጎረቤቴን ባሏ ሲደበድባት እሰማ ነበር ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በባልና ሚስት መሀል ምን አገባኝ እያልኩ በሬን እዘጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። እሱም ታስሯል።» «ምን ያድርጉ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው፤ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ አላመንኩትም። ዲላ መግቢያ ላይ መኪናው ሲቆምላቸው ተነሱና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ሴት ልጅ አለቻት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘመድ እስኪመጣ እኔ ጋ ናት። ትናንት ምሳ ሳበላት ድንገት ቀና ብላ፣ ‹እማማ፣ የእኛ ቤት ጩኸት እዚህ ይሰማ ነበር?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አይሰማም አልኳት» ብለውኝ ወረዱ።