የጀማ ቁልቁለትና የአቶ ዱባለ ፍሬን

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. በወርኃ የካቲት ነው። በዚያን ጊዜ በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የታመመች እኅቴን ልጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ማለዳ ተነሥቼ አውቶቡስ መቆሚያው ብደርስ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቷል ተባለ። ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ጤፍ የጫነች አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ አጠገቤ ቆመችና አንድ ሽበታም ሰው በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«መምህር፣ እግርዎ እስኪያብጥ ይቆማሉ እንዴ? ይግቡ እንጂ!» አሉኝ።

አቶ ዱባለ ነበሩ። በልጅነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ጀምረው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ መሪ የጨበጡ፣ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት እንደ ዳዊታቸው በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ጋቢናው ውስጥ ልጃቸው አማከለች ነበረች። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ ደብረ ብርሃን በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ የሆነች፣ ፈቃድ ወጥታ አባቷን ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ናት። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ከኋላ፣ ከጆንያው ላይ፣ ሁለት ገበያተኞችና አንዲት መነኩሲት ተቀምጠው ነበር።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ አቶ ዱባለ መኪናዋን አቆሙና መፍቻ ይዘው ወረዱ። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ተንበርክከው አንድ ነገር ያጠብቁ ጀመር።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ ባያጠብቁት ምናለበት?» አለች አማከለች።

«ልጄ፣ ጠበቅ ያለ ፍሬን ቶሎ ይይዛል። እኔ ይህን ሳላደርግ ጀማን ወርጄ አላውቅም።»

«መያዙንስ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲለቁትም አይለቅም። ሸራው ታምቡሩን እያሸ ነው የሚወርደው። ጭነቱ ደግሞ ከኋላ ነው። እስከ ወንዙ ድረስ እሳት ይዘን መውረዳችን እኮ ነው።»

«አንቺ በመጽሐፍ ያየሽውን እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ» አሉና እየሳቁ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አማተቡና ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

አንባቢ ይረዳው ዘንድ ነገሩን ባጭሩ ልግለጸው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር፣ እንደ ከበሮ ሆዱ ባዶ የሆነ ብረት ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሆዱ ውስጥ ያሉት ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች ወደ ውጭ ተገፍተው ግድግዳውን ይጫኑታል፤ መኪናይቱም ትቆማለች። ዲስክ ግን እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ ሆኖ በገላጣ የሚዞር ነው፤ የሚያቆመው እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ የሚነክሰው ሸራ የለበሰ መያዣ ነው። የአቶ ዱባለ ፒካፕ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነበራት።

በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን ሳለን፣ አራተኛው ኩርባ አካባቢ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አማከለች ዞር ብላ በኋላው መስኮት አየች። ወዲያው አቶ ዱባለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አማከለች፣ ፍሬኑ ከዳኝ፤ እግሬ ወለል ነካ» አሉ።

በግራችን ገደል ነው። በቀኛችን የተቆረጠው ተራራ ነው። ሽማግሌው አልጮኹም። ሞተሩን አስጓርተው ማርሹን አንደኛ ውስጥ ከተቱ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ መሪውን ወደ ተራራው ጥቂት በጥቂት አስጠጉት። የመኪናይቱ ጎን ከአፈሩ ጋር እየተፋተገ፣ ድንጋይ እየዘነበብን፣ ጥቂት እርምጃ ከተጎተትን በኋላ ከቦዩ ውስጥ ገብታ ቆመች። አንድ ጆንያ ከመቀደዱ በቀር የተጎዳ አልነበረም። መነኩሲቷ ከላይ ሆነው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ይሰማኛል። አቶ ዱባለ መሪውን እንደ ጨበጡ ቀሩ፤ አማከለች ጣቶቻቸውን አንድ ባንድ አላቀቀቻቸው።

ወርደን ስናይ የኋላ ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው የውሃውን ጀሪካን አነሡ።

«አባባ፣ እባክዎ አይድፉበት! የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስበት ምን እንደሚሆን ያውቁ የለ? ብረቱ ይሰነጠቃል። በነፋስ ይብረድ።»

«እንግዲህ አንቺ ያልሽው ይሁን» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «ለምን ከዳኝ? ዘይቱ ሙሉ ነው። ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብለው ጠየቁ።

አማከለች ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ዘይቱስ አልጎደለም፤ ፈልቶ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ያበጃል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። የአራቱም ጎማ ዘይት ከአንድ ዕቃ ስለሚነሣ፣ የኋላው ሲፈላ የፊቱም አብሮ ይከዳል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አልፈላም?»

«ዛሬ ጭነቱ በዛ፤ ሸራውም አልቆ ሳስቷል። ትናንት ወንዝ ስንሻገር የገባውም ጭቃ ታምቡሩ ሆድ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። ታምቡር የገባበትን አያወጣም፣ አባባ። ለማንኛውም ዘይቱ እስኪበርድ አንድ ሰዓት እንታገሥና ፔዳሉን ይርገጡት። እንደ ጥንቱ ደንዳና ሆኖ ያገኙታል።»

ይህን ጊዜ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ሰዓቱን ጠበቁ። ከዚያም ወደ ጋቢናው ገብተው ረገጡ። ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ያዘ። ደግመው ረገጡ፤ ያዘ። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ።

«ሸዋንዳኝን ገደልኩት» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው ደንግጬ።

«መምህር፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ አያውቁትም። ሸዋንዳኝ የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ፤ አብረን ነው ሹፌር የሆንነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከዚህ በታች ባለው ኩርባ ገደል ገብቶ እሱም ሁለት መንገደኞችም ሞቱ። መኪናዋን ዛፍ ይዟት ነበርና በገመድ ወርጄ ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ልክ እንዲህ ደንዳና ነበር፤ እስክወርድ ድረስ ዘይቱ ሊበርድ እንደሚችል አላወቅኩም። ‹ፍሬኑ ደኅና ነው፤ እሱን ግን በዋዜማው ጠጅ ቤት አይቼዋለሁ› ብዬ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ። በሰንበቴም ደገምኩት። አንዲት ብርሌ ነበር የያዘው። ልጆቹ የሰካራም ልጆች ተብለው አደጉ።»

አማከለች እጃቸውን ያዘች። «ባለማወቅ ነው፣ አባባ።»

«ባለማወቅማ ነው። ግን የማላውቀውን ለምን እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ?»

እኔ በበኩሌ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ የዕውቀት ማነስ ስም እንደሚገድል ግን በዚያን ቀን ነው የተማርኩት። አማከለች አባቷ ያጠበቁትን ፍሬን አላላችው፤ ሁላችንም ገፍተን መኪናዋን ከቦዩ ካወጣን በኋላ በአንደኛ ማርሽ እንደ ኤሊ እያዘገምን ጀማ ደረስን።

ከአዲስ አበባ ስመለስ አቶ ዱባለ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ምስክር ይሁኑኝ» ብለው ወደ ሸዋንዳኝ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወሰዱኝ። ከደጃፉ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሆነውንም ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። እሷም ጥጥዋን እየፈተለች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ድንጋዩን ያውርዱ፣ ጋሼ ዱባለ» አለች። «እኔ ባሌን አውቀው ነበርና አዲስ ነገር አልነገሩኝም። ይቅርታውንም ሰጥቼዎታለሁ። ነገር ግን በሰንበቴ የተናገሩትን በሰንበቴ ይመልሱት። ልጆቼ ቆመው ይስሙት።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በካህናቱና በማኅበርተኛው ፊት መለሱት። የሸዋንዳኝ የበኩር ልጅ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሲስም፣ ከዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ለፋሲካ አማከለች ስትመጣ አንድ ከባድ ጆንያ ይዛ መጣች። ከመርካቶ ከምናለሽ ተራ፣ ግንባሯ ከተጋጨ አንዲት የመስክ መኪና የተፈታ የኋላ ዲስክ ከነመያዣው ነበር። ያን ዕለት አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ማላላቱ አይበቃም ወይ? ፋብሪካው ያልሠራውን እኛ ማን ነን?»

«ማላላቱ ግማሽ መድኃኒት ነው። ፋብሪካው ይህችን መኪና ሲሠራ ጀማን አላየም፤ እርስዎ ግን ያያሉ። ዲስክ ነፋስ ያገኘዋል፤ ቶሎ ይበርዳል። ውሃና ጭቃ ቢነካውም ሲዞር ይጥለዋል። ሸራው ባለቀ ቁጥር ራሱ ይጠጋል እንጂ መፍቻ ይዘው መሬት ለመሬት አያስኬድዎትም። ማለቁንም ጎማውን አውልቀው በዓይንዎ ያዩታል።»

«የእጅ ፍሬኔንስ? እሱ ባይኖር እኮ ያን ቀን አንተርፍም ነበር!»

«እውነትዎን ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ያለውን መያዣ ፈልጌ አመጣሁ። ገመዱ ከዚህ ይታሠራል፤ ይኸው።»

ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ባዶዋን ስትሆንስ? ኋላዋ ቀሎ ሳለ በኃይል ቢይዛት አትሽከረከርም?»

አማከለች ሣቀች። «አባባ፣ ይህን ጥያቄ በጋራዣችን የጠየቀኝ አለቃዬ ብቻ ነው! ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን የዘይት ግፊት የምትቀንስ ቫልቭ እገጥማለሁ። መያዣው የሚቀመጥበትንም ወፍራም ብረት በቶርኖ ማሽን አስቀርጬ ነው የመጣሁት፤ በግምት የሠራሁት የለም።»

«ከዚያ በኋላ ማርሽ አያስፈልግም ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ዲስክም ይግላል፤ እሱም ብረት ነው። ማርሹን እርስዎ አስተማሩኝ፤ እኔ ደግሞ ፍሬኑን ላድስልዎ።»

አቶ ዱባለ ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያስ የትኛውን ቡሎን ልፍታልሽ?» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ አባት ረዳት፣ ልጅ አለቃ ሆነው ሠሩ። ዘይቱን ቀየሩ፣ አየሩን አስወጡ፤ መጀመሪያ በሜዳ፣ ባዶዋን፣ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት አድርገው ደጋግመው ሞከሯት። ሽማግሌው ረግጠው በቆመች ቁጥር ወርደው የጎማውን ፈለግ በስንዝር ይለኩ ነበር።

በግንቦት ልደታ ማግሥት ሙሉ ጭነት ጭነን ወረድን። ወይዘሮ ጥሩሸዋም አብራን ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ መንገድ ወርዳ አታውቅም። ሸዋንዳኝ ከወደቀበት ኩርባ ስንደርስ፣ «እዚህ ጋ ያቁሙልኝ» አለች። አቶ ዱባለ ረገጡ፤ መኪናዋ በዚያ ቁልቁለት መካከል ምንም ሳትንገዳገድ ቀጥ አለች። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ለጥንቃቄም ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። ጥሩሸዋ ወርዳ ገደሉን አየች። «ይኸው መጣሁ፣ ሸዋንዳኝ። በእምነት መጣሁ» አለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ለብዙ ጊዜ ቆመች። እኛም ቆምን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አቶ ዱባለ መዳፋቸውን ወደ ጎማው አስጠጉ። ሞቆ ነበር፤ አልጨሰም፣ አልሸተተም።

እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ በክረምት ጭቃ የእህል ጭነት አልቀረም፤ ታማሚ ሲኖር በፍርሃት ሳይሆን በእርጋታ ተወስዷል፤ ሽማግሌውም ጎማ ሥር መንበርከክ ቀርቶላቸው ወገባቸው ዳነ። ልማድን መመርመር አባትን መናቅ አይደለም። አማከለች አባቷን ባታከብር ኖሮ ማርሻቸውንም በጣለችው ነበር፤ አቶ ዱባለም ልጃቸውን ባይወዱ ኖሮ ስሕተታቸውን ይዘው በሞቱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አቶ ዱባለ አፋፉ ላይ አንድ ወጣት ሹፌር መፍቻ ይዞ ጎማው ሥር ሲገባ አይተው መኪናቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ና ውጣ» አሉት። «እስቲ በመጀመሪያ ተቀመጥና ስለ አንድ ጥሩ ሹፌር ላጫውትህ። ሸዋንዳኝ ይባል ነበር።»