ድምፅ ሲሰማ የሚበራው መብራት

ልብስም የቤት ዕቃም የምነድፍ ሰው ነኝ፤ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እጄ ከገባ ደግሞ ሳልሞክረው አላድርም። አንድ ጊዜ ድምፅ ሲሰማ የሚበራ መብራት ሠራሁ። ቆርቆሮውን የቀጠቀጡልኝ የምን አለሽ ተራው ጋሼ ሸምሱ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ደንቁሯል። ደስ ይላቸዋል ብዬ እሑድ ቀን አብነት ሰፈር ቤታቸው ይዤላቸው ሄድኩ።

ሲያጨበጭቡ መብራቱ ቦግ አለ፤ እንደ ሕፃን ሳቁ። ሊደግሙ እጃቸውን ሲያነሱ ግን ሳያጨበጭቡ ፈዘዝ ብሎ በራ። ዞር ሲሉ ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ጀርባቸውን ሰጥተውን ልብስ ያጣጥፋሉ።

«ምን አለች?» አሉኝ ደንግጠው።

ያጉተመተሙት ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም ነበርና እትዬ ዘምዘምን ጠየቅኳቸው። «ደከመኝ ነው ያልኩት» አሉ ሳይዞሩ። «ሁልጊዜ እላለሁ። እሱ ስለማይሰማኝ ቅልል ይለኛል።»

ሲናገሩ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጋሼ ሸምሱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «እኔኮ ተቀይማኝ ዝም ያለች መስሎኝ ነበር፤ ይኼን ሁሉ ዓመት!» አሉ።

ደከመኝ ማለታቸውን ደብቄ፣ ሻይ ላፍላ እያሉ ነው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። አላመኑኝም። መብራቱን አቅፈው ሚስታቸው አጠገብ ቁጭ አሉና፣ «በይ ንገሪኝ ዘምዘም፣ አየዋለሁ» አሉ።

እትዬ ዘምዘም አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ አፈኑ። ትንፍሽ አላሉም፤ እንባቸው ብቻ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ጋሼ ሸምሱ አላዩትም። አምፖሉ ላይ አፍጥጠው እስኪበራ ይጠብቁ ነበር።