የመቶዋ ነጥብ

በእኛ ጊዜ፣ ሰናይት ልጄ፣ ብረት የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ፊት ቆመሽ መቁረጫው ብረቱን ሲነካው ድምፁን ትሰሚያለሽ፣ በቃ፣ ደህና ነው ወይ ደህና አይደለም። ስክሪን የለ፣ ኮምፒውተር የለ። እኔና በላቸው ካዛንቺስ ማሽን ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን የሠራነው እንደዚያ ነው፣ እና አንዳችን የአንዳችንን ማሽን ጀርባችንን ሰጥተን እንሰማው ነበር። «ኪዳኔ፣ መቁረጫህ ደንዟል» ይለኛል ዞር ሳይል። ሳየው እውነትም ደንዟል።

ይህን የሚሉኝ ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ። ማሽን ቤቱ አሁን ወደ ቂርቆስ ሰፈር ዞሯል፣ እኔም ሰኞ እዚያ ሥራ ልጀምር ነው፣ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ዓይኔ ለጽሑፍ ደክሟል፣ የምልሽን ሳትቀንሺ ጻፊ ስላሉኝ ልጄን እግሬ ላይ አስተኝቼ ነው የጻፍኩት።

ታዲያ ሰናይት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሲኤንሲ መጣ። ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን፣ የመስታወት በር ያለው፣ በጎኑ ስክሪንና ቁልፎች። ቁጥር ትጽፊለታለሽ፣ እሱ ራሱ ሄዶ ይቆርጣል። አብሮት አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አሁንም አለ፣ አለቃሽ እሱ ነው የሚሆነው። እና እኛን ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ ያስተምረን ጀመር። አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፣ «ጋሼ፣ ነጥቧን እንዳይረሷት።» ነጥቧ ምን መሰለችሽ፣ መቶ ብለሽ ጽፈሽ ከኋላዋ ነጥብ ካደረግሽ መቶ ሚሊሜትር ነው። ነጥቧን ከተውሻት ግን ያ ማሽን መቶ ማይክሮን ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ማለቴ የአንድ ወረቀት ውፍረት ብታህል ነው። እኔ በሆዴ፣ መቶ መቶ ነው፣ ምን ነጥብ ያስፈልገዋል እላለሁ። ያን ሁሉ ዓመት መቶን በነጥብ ጽፌ አላውቅማ።

በላቸው ቁልፎቹን መንካት እምቢ አለ። «እኔ ብረቱን አስራለሁ፣ አንተ ጻፍ» አለኝ። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል፣ ማሰር ደግሞ የሱ ነው፣ በላቸው ያሰረው አይነቃነቅም ይባል ነበር።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሴ ጻፍኩ። ኢንጂነሩ መጣና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ልይልዎት?» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ተወኝ እስቲ፣ ህፃን ነኝ እንዴ አልኩት። እየሳቀ ወደ ቢሮው ገባ። ልብ በይ፣ ልይልዎት ብሎኛል።

በሩ ክፍት ከሆነ ማሽኑ እንዳይነሳ የሚያደርግ ነገር ነበረው፣ እኛ ግን በሩ ሲዘጋ ድምፁ አይሰማንም ብለን ያን ነገር በሽቦ አስረን አታለነዋል። ታዲያ ስታርት ጫንኩ፣ በላቸው አንገቱን አስግጎ ጆሮውን ሰጠው፣ እንደ ቶርኖው። መጀመሪያ ቆንጆ አድርጎ ቆረጠ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው ይለኛል። ከዚያ መቁረጫው መቶ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ከብሎኖቹ ራስ በላይ ማለፍ ነበረበት። አልተነሳም። የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ተነሳና በዚያ ፍጥነቱ ወደ ጎን ሄደ፣ ብሎኑን መታውና መቁረጫው ተሰበረ። ስባሪው የበላቸውን ግራ ዓይን አገኘው።

ጮኸ ብትዪ አልጮኸም። «ኪዳኔ፣ አጥፋው» ነው ያለኝ።

ኢንጂነሩና ሠራተኞቹ በመኪና ይዘውት ሄዱ። እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። ሳይ መቶዋ እዚያው አለች፣ ነጥብ የላትም። ሌሎቹ ሁሉ አላቸው፣ እሷ ብቻ የላትም። እና ሰናይት፣ ይቺ ጣቴ፣ ይቺውና፣ ሄዳ ነጥቧን ጨመረች። አስቤ ነው ሳላስብ ነው አልልሽም። ጣቴ ጨመረች ብዬም አላመልጥም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ኢንጂነሩ ከሆስፒታል ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ብረቱን አየ፣ ተገፍቶ ከቦታው ተነቃንቋል፣ አንዱ ብሎን በምቱ ላልቷል። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ላይ ምንም የለም፣ ብሎኑ በደንብ አልጠበቀም ነበር ማለት ነው» አለ። እኔ ዝም። መዝገቡ ላይም የአስተሳሰር ጉድለት ተብሎ ተጻፈ። ታዲያ ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ፣ በላቸው ዓይኑ ታሽጎ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ይቅርታ ኪዳኔ፣ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው፣ አንተንም ቢያገኝህ ኖሮስ?»

ይቅርታ አለኝ። እሱ እኔን።

ወደ ሥራ አልተመለሰም። ቤቱ ወሎ ሰፈር ነው፣ በየበዓሉ እሄዳለሁ። ባለቤቱ ታጫውተኛለች፣ ጋሽ ኪዳኔ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የሚጠብቅ ነገር ካየ ሳያጠብቅ አይተውም፣ ቧንቧውን ሁለቴ ሰብሯል፣ የዘይት ክዳን ለመክፈት ጎረቤት ነው የምጠራው ትለኛለች። እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ወር፣ በሃያ ሁለት፣ ከበላቸው ጋር ኡራኤል ተሳልመን ስንወጣ አጥሩ ሥር ተቀመጥንና ነገርኩት። ነጥቧን፣ ጣቴን፣ ሁሉንም። ስለ ዓይኑ ይናገረኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን፣

«እንግዲያው አጥብቄው ነበር» አለ።

«አጥብቀኸው ነበር።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም፣ በላቸው።»

እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ «ኢንጂነሩ ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም አልኩት። ተነሳና ሄደ፣ ደህና ሁን እንኳ አላለኝም። እስካሁን አልደወለም።

ጋሽ ኪዳኔ እዚህ ላይ ቆሙ። ጋሽ በላቸው ይቅር ብለውዎት ይሆን ብዬ ልጠይቅ አልኩና ፈራሁ። እስቲ አንብቢው አሉኝ። እየተንተባተብኩ አነበብኩት፣ አንድም ቃል አላስቀየሩኝም። ሰኞ ጠዋት ለኢንጂነሩ በእጅሽ ትሰጪልኛለሽ፣ መዝገቡን ያቃናው፣ እኔም ከሰዓት እመጣለሁ አሉኝ። ለምን ራስዎ አይነግሩትም ብላቸው፣ ፊቱ ስቆም እንደ ያኔው ዝም እንዳልል ነው አሉ።

እኔ ግን ድንግጥ አልኩ። «ጋሼ፣ እኔን እኮ ያስገቡኝ በእርስዎ ስም ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ የማሽኑንም ሥራ ገና አልችል፣ ልጅ አለብኝ፣ ምን ይሉኛል?»

«አውቃለሁ» አሉ። «ቢያስወጡሽ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ይህንንም ጻፊው። ግን ያ ልጅ ልይልሽ ሲልሽ፣ እይልኝ በዪው። መሳሳትሽ አይቀርም፣ ሁላችንም እንሳሳታለን። ስትሳሳቺ ጣትሽ ወደ ቁልፉ ሳይሄድ አፍሽ ይናገር። ዝም ካልሽ በኋላ ያለው ዓመት ረጅም ነው።»

ፈረሙ። ፊርማቸው ስለማይነበብ ስማቸውን ከሥሩ እኔ ጻፍኩላቸው።

«አደርስልዎታለሁ ጋሼ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፌ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጥኩት፣ ካርዱን ጥዬ አላውቅም።